የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጸዳልን? ወንዞቻችንን ስለ መመደብ አጭር ትምህርት



በዚህ እትም በትምህርት ዓምዳችን ይዘን የቀረብነው ርእስ ከደጃፋችን የራቀ አይደለም። ብዙዎቻችን አዲሱ ገበያና አካባቢው ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ጠዋት ወደ ትምህርት ስንወጣ፣ ማታ ስንመለስ የምንሻገራቸው ድልድዮች ሥር ውሃ ይፈስሳል። ስለዚህ ውሃ በመካከላችን ሁለት ነገር ሲባል እንሰማለን። አንደኛው፦ «ከላይ እንጦጦ ግርጌ ያለው ንጹህ ነው፤ የሚበላሸው መሀል ከተማ ሲደርስ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጸዳል» የሚለው ነው። ሁለቱም ፈጽሞ ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳይለኩ የሚነገሩ ናቸው። ዛሬ የምንማረው እነዚህን ሁለት አባባሎች እንዴት እንደምንለካቸው ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ያስፈልገናል፤ ወንዝን በደረጃ መመደብ እና ወንዝን በስሌት መወከል፣ ማለትም ሞዴል መሥራት።

1. ውሃው ከየት ወዴት?

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን የጎጃም መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱ የእንጦጦን ሸንተረር ሲሻገር ከአንድ ተፋሰስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ከሸንተረሩ በሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የወደቀ ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሄዶ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ፣ በእኛ በኩል የወደቀው ግን በጅረቶቻችን ወርዶ በትንሹ ወይም በትልቁ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም። ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ አፋር ምድር ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

ይህን በመጀመሪያ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲሱ ገበያ ድልድይ ሥር የተጣለ ነገር «ወደ ባሕር ሄዶ የሚጠፋ» አይደለም። የሚሄደው ወደ ሰው ነው፤ አቃቂ ላይ ጎመንና ሰላጣ ወደሚያጠጣው ገበሬ፣ ከዚያም በአዋሽ ዳር ወደሚኖሩ ከተሞችና አርብቶ አደሮች።

2. መመደብ ማለት ምን ማለት ነው?

ወንዝን መመደብ ማለት «ንጹህ» ወይም «ቆሻሻ» ብሎ መለየት ብቻ አይደለም። ማንኛውም ምድብ ከጀርባው አንድ ጥያቄ አለው። «ይህ ውሃ ለምን ይሆናል?» የሚለው አንዱ ነው፤ ለመጠጥ፣ ለመስኖ፣ ለከብት፣ ለዓሣ። «ይህ ወንዝ ሰው ባይነካው ኖሮ ከሚሆነው ምን ያህል ርቋል?» የሚለው ደግሞ ሌላው ነው። የመጀመሪያው የውሃ ጥራት ምደባ፣ ሁለተኛው የሥነ ምህዳር ምደባ ይባላል።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊቅህ ስንማር የጡሃራ ምዕራፍ ገና ሲጀመር ውሃን መመደብ እንማራለን፤ ራሱ ንጹህ ሆኖ ሌላውን የሚያጸዳ፣ ራሱ ንጹህ ሆኖ ሌላውን የማያጸዳ እና ነጂስ የሆነ። የፊቅህ ሊቃውንት ብዙ የሆነን ውሃ የሚመዝኑት ነጃሳ ገብቶበት ከሦስቱ ጠባዮቹ፣ ከቀለሙ፣ ከጣዕሙ ወይም ከሽታው፣ አንዱ ተለውጦ እንደሆነ በማየት ነው። የመዝሀቦቹን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። እኛ የምናስተውለው ምድቡ የመጣው ከጥያቄው መሆኑን ነው። ጥያቄው «ልጠሀርበት እችላለሁን?» ነው፤ መልሱም ለዚያ ጥያቄ ይበቃል። «ብጠጣው ያመኛልን?» ለሚለው ግን ሌላ መመዘኛ ይፈለጋል። ምክንያቱም የታይፎይድ ባክቴሪያም ሆነ የሟሟ ክሮሚየም ያለ ቀለምና ያለ ሽታ ሊገኙ ይችላሉ። አንዱን መመዘኛ ለሌላው ጥያቄ መልስ ማድረግ ስህተት ላይ ይጥላል።

3. በውሃው ይዘት መመደብ

በላቦራቶሪ ብዙ ነገር ይለካል፤ ለዛሬ ሦስቱን እንያዝ።

ሀ) የሟሟ ኦክስጅን፦ በውሃ ውስጥ ያለ ፍጥረት የሚተነፍሰው ነው።

ለ) የኦክስጅን ፍላጎት፦ በውሃው ውስጥ ያለውን ብስባሽ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱ የሚጨርሱት የኦክስጅን መጠን ነው። ብዙውን ጊዜ ናሙናው በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን ተቀምጦ ይለካል። ያልተነካ የተራራ ጅረት ጥቂት ሚሊግራም በሊትር ይኖረዋል፤ የቤት ፍሳሽ ግን በመቶዎች ይቆጠራል።

ሐ) ኢ. ኮላይ፦ ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚመጣ ባክቴሪያ ነው። መገኘቱ ሰገራ መግባቱን ይነግረናል።

እዚህ ላይ የአገራችን ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ወለል ከፍታ በ18 ዲግሪ ሙቀት ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ወደ 9.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። እኛ ያለነው ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ውሃ በያው ሙቀት የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ የእንጦጦ ጅረት 6.8 ቢለካ «ጎድሎበታል» ማለት አይደለም፤ ሊሞላ የሚችለውን ያህል ሞልቷል። ቆላ አገር ለሚፈስ ወንዝ የተጻፈ ሰንጠረዥ ይዘን ብንመጣ ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ እንለዋለን። በሌላ በኩል ጣሪያው ዝቅተኛ ስለሆነ ወንዛችን ያለው ስንቅም ትንሽ ነው። ብክለት ሲገባበት ቶሎ ይጨርሳል።

4. በነዋሪዎቹ መመደብ

የጠርሙስ ናሙና የሚነግረን ውሃው በተቀዳበት ደቂቃ የነበረውን ነው። አንድ ተቋም ፍሳሹን ሌሊት ቢለቅ ጠዋት የተቀዳው ጠርሙስ ላያሳየው ይችላል። ከድንጋይ ሥር የሚኖር እጭ ግን ሳምንታትና ወራት እዚያው ይቆያል፤ ሌሊቱንም ቀኑንም ያሳልፋል። ከሞተ አይኖርም፤ ከኖረ ውሃው አኑሮታል ማለት ነው። በሥነ ምህዳር መመደብ የተመሠረተው በዚህ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው።

ሐሳቡን በሥርዓት ያስቀመጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመናውያኑ ኮልክቪትዝ እና ማርሶን ናቸው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ደግሞ ብሪታንያውያን ለእያንዳንዱ የነፍሳት ቤተሰብ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥ ቀላል ዘዴ አወጡ። ብክለት የማይችለው ከፍተኛ፣ የሚችለው ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። የተገኙት ቤተሰቦች ነጥብ ተደምሮ ለቤተሰቦቹ ቁጥር ሲካፈል የቦታው አማካይ ይወጣል። ለምሳሌ በአንድ ቦታ 8 ቤተሰቦች ተገኝተው ድምሩ 48 ቢሆን አማካዩ 6 ነው። በሌላ ቦታ 1 ነጥብ ያለው ትልና 2 ነጥብ ያለው ቀይ እጭ ብቻ ቢገኙ አማካዩ 1.5 ይሆናል።

በእጃችን ወንፊት ይዘን ብንወርድ ምን እንፈልግ?

• ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ ጠፍጣፋ፣ ረጃጅም ሁለት ወይም ሦስት ጅራት ያለው እጭ (ሜይፍላይ)፦ ከነዚህ አብዛኞቹ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ።
• ከአሸዋ፣ ከጠጠር ወይም ከቅጠል ስባሪ ቤት ሠርቶ የሚኖር እጭ (ካዲስፍላይ)፦ ይህም በአብዛኛው የጥሩ ውሃ ምልክት ነው።
• የውኃ ተርብ እጭ፦ መካከለኛ ነው።
• አልቅትና አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች፦ ብክለትን ይችላሉ።
• ደም የመሰለ ቀይ እጭ እና ቀጭን ቀይ ትል፦ ቅላታቸው ሄሞግሎቢን ነው፤ ጥቂት ኦክስጅን ባለበት አጥብቀው ይይዙበታል። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እነሱ ብቻ ከበዙ ወንዙ ታፍኗል።
• ረጅም ጅራቱን እንደ ቱቦ ወደ ላይ ሰድዶ አየር የሚስብ እጭ፦ ከውሃው ኦክስጅን አይጠብቅም። ስለዚህ መገኘቱ ለውሃው ምስክር አይሆንለትም።

ነገር ግን የብሪታንያን ሰንጠረዥ እንዳለ ወስደን እንጦጦ ላይ መጠቀም አንችልም። በአውሮፓ ከፍተኛ ነጥብ ከሚያስገኙት አንዱ የድንጋይ ዝንብ የሚባለው ነው። እሱ በእኛ ደጋ ወንዞች እጅግ ብርቅ ነው። በመጥፋቱ ብቻ ወንዛችንን ብንቀጣው ፍርዱ ልክ አይሆንም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2015 አስቻለው ላቀው እና ኦቶ ሞግ የተባሉ ተመራማሪዎች ለኢትዮጵያ ደጋ ጅረቶች የተዘጋጀ «ኢትባዮስ» የተሰኘ የነጥብ ሥርዓት ያቀረቡት። የአገራችን ነፍሳት በአገራችን ወንዞች ባላቸው ጠባይ ተመዘኑ ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አበበ በየነና ባልደረቦቹ በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። ነፍሳትን እና ዳያቶም የሚባሉትን በማይክሮስኮፕ የሚታዩ አልጌዎች ጎን ለጎን አነጻጸሩ። በጣም በተበከሉት ቦታዎች ነፍሳቱ ከሞላ ጎደል ጠፍተው ነበር። ስለዚህ የከፋውን ከእጅግ ከከፋው ለመለየት የቀሩት ዳያቶሞች ነበሩ። ይህ ለዘርፉ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ሚዛኑ ራሱ ከሚመዘነው ነገር ጋር መመጠን አለበት። ለከተማው ነዋሪ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ነፍሳት እንኳ የማይኖሩበት ውሃ በሰፈሮቻችን መካከል ያልፋል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውሃ መመሪያ የወንዞች ሥነ ምህዳር አምስት ደረጃ አለው፤ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ እና መጥፎ። በካርታ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ሆነው ይሣላሉ። ደረጃው የሚሰጠው ለወንዙ በሙሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ክፍል ነው፤ የሚነጻጸረውም ካልተነካ መሰል ወንዝ ጋር ነው። በእኛ አካባቢ ለማነጻጸሪያ የሚቀርበው ከቤቶች በላይ ከጫካው የሚወርደው ውሃ ነው። እሱም ቢሆን ፍጹም ያልተነካ አይደለም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእንጦጦን ተዳፋት የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ የሚፈስ ጅረት ከጽድና ከወይራ ሥር እንደሚፈሰው አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያው አባባላችን፣ «ከላይ ንጹህ ነው» የሚለው፣ መልሱ «ከምን ጋር ሲነጻጸር? ከየትኛው ቤት በላይ?» የሚል ነው። ከመጨረሻው ጫካ በታች ያለው የመጀመሪያ የመጸዳጃ ቱቦ ምድቡን ይለውጠዋል፤ መሀል ከተማ እስኪደርስ አይጠብቅም።

5. ሞዴል፦ ወንዙን በወረቀት ላይ ማፍሰስ

ሞዴል ማለት ወንዙን ሳንነካ «ይህ ቢሆን ምን ይሆናል?» ብለን የምንጠይቅበት ስሌት ነው። ቀላሉን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የመረጥናቸው እንጂ ከወንዝ የተለኩ አይደሉም።

አንድ ጅረት በሰከንድ 200 ሊትር ይፈስሳል፤ የኦክስጅን ፍላጎቱ 5 ሚሊግራም በሊትር ነው። በሰከንድ 50 ሊትር የሚያመጣ፣ 300 ሚሊግራም ያለው የፍሳሽ ቱቦ ይቀላቀለዋል። ድብልቁ፦

(200 × 5 + 50 × 300) ÷ 250 = 64 ሚሊግራም በሊትር

በጋ ገፍቶ ጅረቱ ወደ 50 ሊትር ቢወርድ ያው ቱቦ ድብልቁን ወደ 152 ያወጣዋል። ክረምት ላይ ጅረቱ 2,000 ሊትር ሲሆን ደግሞ 12 ብቻ ይሆናል። ቱቦው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወቅቱ ነው። ስለዚህ «ወንዙ ስንተኛ ደረጃ ነው?» ተብለን ብንጠየቅ «የት? መቼ?» ብለን መልሰን መጠየቅ አለብን። በነሐሴ ብቻ ተለክቶ የተሰጠ ጥሩ ደረጃ ወንዙን ሳይሆን ዝናቡን ያመሰግናል።

አሁን ሁለተኛውን አባባል እንመልከት። የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጸዳልን? እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካውያኑ ስትሪተር እና ፌልፕስ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ይህንኑ በቀመር አስቀመጡት። በወንዝ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ፤ ባክቴሪያዎች ብስባሹን ሲያፈርሱ ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ከአየር ደግሞ አዲስ ኦክስጅን ይገባል። መጀመሪያ ወሳጁ ያይላል፤ ኦክስጅኑ ይወርዳል። ብስባሹ ሲያልቅ ሰጪው ያይላል፤ ወንዙ ያገግማል። አዎን፣ ወንዝ ራሱን ያጸዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ጊዜው ምን ያህል ነው? በተለመደው የመፍረስ ፍጥነት፣ በቀን 0.23 ብንወስድ፣ ብስባሹ በግማሽ የሚቀንሰው በ3 ቀን ነው። ጅረታችን በሰከንድ 0.3 ሜትር ቢፈስስ በአንድ ቀን 26 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ አቃቂ ለመድረስ አንድ ቀን ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በአንድ ቀን 64 የነበረው 51 ይሆናል። ጅረቱ ድንጋያማ ስለሆነ ፍጥነቱ እጥፍ ነው ብንል እንኳ 40 ይቀራል። ይህም በመንገዱ ሌላ አንድም ቱቦ ካልገባበት ነው፤ እንደሚገባበት ግን ሁላችንም እናያለን። ወንዛችን ራሱን የማጽዳት ችሎታ አጥቶ አይደለም፤ ሰላጣው ማሳ ላይ ከመድረሱ በፊት ጊዜ አላገኘም።

ሌላም አለ። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተፈናጠረ ሲወርድ ኦክስጅን ቶሎ ይሞላል። በኦክስጅን ብቻ የሚመድብ ሰው «ጥሩ» ሊለው ይችላል። ኢ. ኮላዩ ግን አብሮ ወርዷል። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ደግሞ ብረት ነው፤ ስንት ቀን ቢጠበቅ አይፈርስም፤ በደለሉ ውስጥ ይከማቻል። አንዱ የወንዝ ክፍል በአንድ መመዘኛ ጥሩ፣ በሌላው መጥፎ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በአውሮፓው አሠራር ደረጃው የሚወሰነው በዝቅተኛው ውጤት የሆነው።

በአገራችን ከዚህ ረቀቅ ያሉ ሞዴሎችም ተሠርተዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ጋር በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ባካሄዱት ሥራ «የውሳኔ ዛፍ» የሚባለውን ዘዴ ተጠቅመዋል። የወንዙን ሁኔታ በጥያቄ እየከፋፈለ «እዚህ ይህ ነፍሳት ይገኛል ወይስ አይገኝም?» የሚል ትንበያ ይሰጣል።

6. እኛስ ምን እናድርግ?

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ሕጉ አለ። እኛ ልንጨምረው የምንችለው ማየትና መመዝገብ ነው።

1ኛ. ሦስት ቦታ እንምረጥ፤ ከቤቶች በላይ ጫካው ሥር፣ ከገበያው በታች እና ከሚቀጥለው መገናኛ በታች። ኅዳር ላይ አንዴ፣ ጥር ላይ አንዴ በያው ቦታ እንመለስ።

2ኛ. ወንፊቱን ከፍሰቱ በታች ይዘን ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ለ3 ደቂቃ በእግር እናነቃንቅ። የተያዘውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠን ዓይነቱን እንቁጠር፤ ቁጥሩን፣ የውሃውን ሙቀት፣ ሽታውንና የገቡትን ቱቦዎች እንመዝግብ። ከዚያ ነፍሳቱን ወደ ውሃው እንመልሳቸው።

3ኛ. ቦት ጫማና ጓንት የግድ ነው። እጁ ላይ ቁስል ያለበት አይግባ። ከጨረስን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

4ኛ. ከሁሉ የሚቀድመው ግን ይህ ነው፤ የተከራየንበት ቤት መጸዳጃ ወዴት እንደሚሄድ አከራያችንን በአክብሮት እንጠይቅ። ወደ ጉድጓድ ነው? ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ነው? ወይስ ወደ ወንዙ? ከላይ ባሠራነው ስሌት ቱቦውን ብናነሳ 64 የነበረው ወደ 5 ይመለሳል፤ ከታች የሚደረግ ማንኛውም ጽዳት ይህን ያህል አይሠራም። ፕላስቲክ መልቀም መልካም ነው፤ ነገር ግን ዳርቻው ጸድቶ ቱቦው ከቀረ የወንዙ ደረጃ አይለወጥም። የነፍሳቱ ቆጠራም ይህንኑ ይመሰክርብናል።

ውሃው አማና ነው። ከላይ ያለ ሰው የሚለቀውን ከታች ያለ ሰው ይቀበለዋል፤ አዲሱ ገበያ ደግሞ ላይ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የፍሳሽ ቱቦው በሰከንድ 50 ሳይሆን 25 ሊትር ቢያመጣ በበጋና በክረምት ድብልቁ ስንት ይሆናል?
2. ለዉዱእ፣ ለመጠጥ እና ለመስኖ የሚሆን ውሃን ስንመድብ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች በምን ይለያያሉ?
3. በአንድ ቦታ ኦክስጅኑ 6.5 ሆኖ ቀይ ትል ብቻ ቢገኝ የትኛውን ታምናላችሁ? ለምን?

መልሳችሁን በሚቀጥለው የጥናት ፕሮግራማችን ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠብቃለን፤ ኢንሻአላህ። ወላሁ አዕለም።